ድንጋዩ ቢርቅ ጉድጓዱ ይሸጣል?

በማዕድን ንግድ ባዶ ጉድጓድ ማለት ኪሳራ ማለት ነው። ጉልበት፣ ነዳጅና ፈንጂ የፈሰሰበት፣ ድንጋዩ ተለቅሞ ያለቀበት ወይም ጭራሹንም ያልተገኘበት ጉድጓድ በሂሳብ መዝገብ ላይ ከወጪ በስተቀር ሌላ ዓምድ የለውም። ቆፋሪው ትቶት ወደሚቀጥለው ይሻገራል እንጂ ዞሮ አያየውም። በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ መካከል የምትገኘው ኩበር ፒዲ ግን ይህን ሂሳብ ገልብጣዋለች። ባዶ ጉድጓዶቿን ሆቴል፣ ሙዚየም፣ ቤተ ክርስቲያንና መሸታ ቤት አድርጋ ለመንገደኛ ትሸጣለች።

ነገሩን ከሩቅ የሚያዩ ብዙዎች ይደነቁበታል። "ድንጋዩ ቢያልቅ እንኳ ቱሪዝም አለ" የሚለው አባባልም ከዚሁ አድናቆት የመነጨ ነው። ይሁንና አድናቆት ሂሳብ አይደለም። አንድ ከተማ የሚታይ ነገር ስላላት ብቻ ትኖራለች ማለት አይቻልም። ዋናው ጥያቄ ጎብኚው ስንት ሌሊት ያድራል፣ የሚከፍለውስ ለማን ነው፣ የሚያየው ነገር ነገም ይኖራል ወይ የሚለው ነው። የኩበር ፒዲ ጉዳይ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሲመዘን የሚሰጠው መልስ ሎጅና ሆቴል ለመሥራት ለሚያስብ ባለሀብትም፣ ድንጋይ ለሚነግድ ደላላም የሚጠቅም ነው።

ውኃ ፍለጋ የወጣው ልጅ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩበር ፒዲ ከአደላይድ ወደ ሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አገሪቱን ከደቡብ እስከ ሰሜን በሚያቋርጠው የስቱዋርት አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ነዋሪዋ 2 ሺህ አይሞላም። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ150 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት የሙቀት ወራት በጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መመዝገቡ እዚያ ወሬ አይሆንም።

በ1915 መጀመሪያ ላይ ወርቅ ፍለጋ ወደዚያ ምድረ በዳ የዘለቀ አንድ አነስተኛ ቡድን ነበር። ከቡድኑ ጋር የነበረው የ14 ዓመቱ ዊሊ ሃቺሰን ውኃ ሲፈልግ መሬት ላይ የተበተነ ኦፓል አገኘ። ወርቁ ሳይገኝ ቀረ፤ ከተማዋ ግን ተወለደች። በ1920 የወጣላት ስም "ኩፓ ፒቲ" ከሚለው የነባሩ ሕዝብ አጠራር የተወሰደ ሲሆን ብዙውን ጊዜ "የነጭ ሰው ጉድጓድ" ተብሎ ይተረጎማል። ስያሜው ገና ከጅምሩ ከተማዋ የምትሸጠውን ሸቀጥ የተናገረ ይመስላል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ምሽግ መቆፈር የለመደ እጃቸውን ይዘው ወደ ኦፓሉ ሜዳ ሲመጡ ቤት የሚሠሩበት እንጨት አላገኙም። ስለዚህ ኮረብታውን ፈልፍለው ገቡ። ላዩ በፀሐይ ሲቃጠል ውስጡ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ባለው መጠን ረግቶ ይቆያል። ዛሬም ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በእነዚህ የዋሻ ቤቶች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሰርቦች፣ ክሮአቶች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች ዕድላቸውን ሊሞክሩ ጎረፉ። ይህች ትንሽ ከተማ ከ40 የሚበልጡ ብሔረሰቦች መገናኛ ናት የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከመሬት በታች የመኖሩን ሐሳብ ያመጣው የቱሪዝም ዕቅድ አይደለም። ችግር ነው። ማንም ሰው ጎብኚ ይመጣል ብሎ ዋሻ አልፈለፈለም። የእንጨት ውድነት፣ የሙቀቱ ጽናትና የመቆፈሪያው ቅርብ መሆን ያመጣው የኑሮ ዘዴ ነው። መስህብ የሆነው በኋላ ነው።

ሸቀጡ ምን ይመስላል?

ለጎብኚው የሚቀርበው ዝርዝር ረጅም ነው። "ኡሙና" የተባለው የኦፓል ማዕድንና ሙዚየም አለ። በእጅ የተቆፈረና ለጎብኚ የተከፈተ የጥንት ቆፋሪዎች ዋሻ አለ። በ1993 የተሠራው የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከነቅርጻ ቅርጹ በአለት ውስጥ ተፈልፍሏል። ባለ ኮከብ ሆቴሉ መኝታ ክፍሎቹን ከመሬት በታች ያከራያል። ሣር የማይበቅልበት የጎልፍ ሜዳ ላይ ተጫዋቹ ኳሱን የሚያስቀምጥበትን ቁራጭ ሣር ይዞ ይዞራል፤ ሙቀቱን ለመሸሽም በሌሊት በሚያበራ ኳስ ይጫወታል። በ1965 የተከፈተውና ተመልካቹ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይበት ሲኒማም አለ። ቆፋሪዎች ፈንጂ ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክለው ማስታወቂያው እስከ ዛሬ የከተማዋ ቀልድ ሆኖ ቀርቷል።

ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ "ብሬክአዌይስ" የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ኮረብታዎች ይገኛሉ። እነዚህ የአንታኪሪንጃ ማቱ ያንኩኒትጃትጃራ ሕዝብ ምድር ናቸው። የሕዝቡን የባለመሬትነት መብት ፍርድ ቤት በ2011 አረጋግጦለታል። ኮረብታዎቹን ለማየት የመግቢያ ፈቃድ ይገዛል። ዲንጎ የተባለውን የዱር ውሻ ከበግ አርቢዎች ምድር ለማራቅ የተዘረጋውና 5 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አጥርም በዚያው በኩል ያልፋል። አጥር እንኳ ሳይቀር ፎቶግራፍ የሚነሳበት ሆኗል ማለት ነው።

ፊልም ሠሪዎችም የበኩላቸውን አስታውቀዋል። በ1985 የወጣው ሦስተኛው "ማድ ማክስ"፣ በ1994 የወጣው "ፕሪሲላ"፣ በ2000 የወጣው "ፒች ብላክ" በከፊል እዚያ ተቀርጸዋል። የመጨረሻው ፊልም የተወው የጠፈር መንኮራኩር ቅርጽ በከተማዋ መሃል ቆሞ ጎብኚ ይጠብቃል።

ይህን ዝርዝር በነጋዴ ዓይን ያየ ሰው አንድ የጋራ ባሕርይ ያገኝበታል። ከተራሮቹ በስተቀር ሁሉም ነገር ለሌላ ዓላማ ወጪ ተደርጎበት የተረፈ ነው። ዋሻው የተቆፈረው ለኦፓል ነው። አጥሩ የታጠረው ለበግ ነው። መንኮራኩሩ የተሠራው ለፊልም ነው። የኢኮኖሚክስ ሰዎች አንዴ ከወጣ የማይመለስ ገንዘብን "የሰመጠ ወጪ" ይሉታል። ኩበር ፒዲ ያደረገችው የሰመጠውን ወጪ ከሰመጠበት ሳታወጣው መሸጥ ነው። በዚህ ረገድ ከባዶ መሬት ተነስቶ መናፈሻ የሚገነባ ባለሀብት ሊወዳደራት አይችልም። እሷ ለካፒታሉ ወለድ አትከፍልምና።

ለጎብኚው ከሚሸጠው ሁሉ ብልህ የሆነው ደግሞ በነጻ የሚሰጠው ነው። በከተማዋ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ማንኛውም መንገደኛ ከጉድጓድ በወጣው የአፈር ክምር ላይ ተንበርክኮ ኦፓል መፈለግ ይችላል፤ ያገኘውንም ይወስዳል። በኛ አነጋገር ቃርሚያ መሆኑ ነው። ከክምሩ የሚገኘው አብዛኛው ዋጋ የሌለው ድንጋይ ነው። ሆኖም ሁለት ሰዓት አፈር ሲያገላብጥ የዋለ ሰው የኦፓልን ብርቅነት በጉልበቱ ስለሚማር ወደ ሱቅ ሲገባ በዋጋው ብዙ አይከራከርም። ለድንጋይ ነጋዴው ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

መንገዱ ይሰጣል፣ መንገዱ ይነሳል

የኩበር ፒዲ ትልቁ ሀብት ዋሻዋ ነው የሚሉ ተሳስተዋል ባይባልም ሙሉውን አልተናገሩም። ትልቁ ሀብቷ ርቀቷ ነው። ከአደላይድ ተነስቶ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ የሚሄድ መኪና ከ1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል። ከዚህ ውስጥ ከግማሹ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ነጂው ሲደክምና ነዳጁ ሲጎድል የሚያገኛት ኩበር ፒዲን ነው። መንገዱ በ1987 ሙሉ በሙሉ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ይህን ጉዞ ማንም ባለ ቤት መኪና ይደፍረዋል። ለሊቱን ሌላ ቦታ ላድር ቢል አማራጩ ጥቂት ነው። በገበያ ቋንቋ ይህ የቦታ ሞኖፖል ነው።

ነገር ግን መንገድ የሰጠውን መንገድ ይነሳል። መንገደኛ የሚያድረው ሊነጋለት እንጂ ሊቆይ አይደለም። ዓላማው ኡሉሩ የተባለው ታዋቂው ቀይ አለት ነው፤ ወይም ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ማታ ገብቶ ዋሻ ውስጥ ይተኛል፣ ጠዋት አንድ ሙዚየም ያያል፣ ነዳጅ ቀድቶ ይሄዳል። ከዝርዝሩ ውስጥ አሥሩ መስህብ ሳይነካ ይቀራል።

የባቡሩ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። "ዘ ጋን" የተባለው ባለ ሙሉ ምቾት ባቡር ከዳርዊን ወደ አደላይድ በሚያደርገው ረጅሙ ጉዞ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ማንጉሪ ላይ ይቆማል። መንገደኞቹ በአውቶቡስ ከተማ ገብተው ዋሻና ኮረብታ ያያሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ከዚያም ወደ ባቡራቸው ይመለሳሉ። የጉብኝቱን ዋጋ የከፈሉት ቀደም ብለው ለባቡሩ ድርጅት ነው። የሚተኙት በባቡሩ አልጋ ላይ ነው። ለከተማዋ የሚተርፈው ድርጅቱ ለአስጎብኚዎችና ለምግብ አቅራቢዎች የሚከፍለውና መንገደኛው ከሱቅ የሚገዛት ድንጋይ ናት። በመግቢያ በር ላይ ቢቆጠር ብዙ ጎብኚ ገባ ይባላል። በገንዘብ መሳቢያው በኩል ቢታይ ግን አንድ ሙሉ ባቡር የሚያስገኘው ሦስት ቀን የሚቆዩ ጥቂት ቤተሰቦች ከሚያስገኙት ይበልጣል ብሎ መማል አይቻልም።

ስለዚህ የጎብኚን ቁጥር እየቆጠሩ መደሰት የነጋዴ ሥራ አይደለም። ነጋዴ መቁጠር ያለበት ሌሊት ነው። ከአንድ ሌሊት ወደ ሁለት ሌሊት የተሸጋገረ እንግዳ ለሆቴሉ የቤት ኪራይ፣ ለምግብ ቤቱ ሁለት እራት፣ ለአስጎብኚው አንድ ሙሉ ቀን፣ ለኦፓል ሻጩ የማማረጫ ጊዜ ይሰጣል። ለዚህ የሚሆን ሸቀጥ ከተማዋ አላጣችም። ለምሳሌ ወደ ኡድናዳታ ደብዳቤና ዕቃ የሚያደርሰው መኪና ጎብኚዎችን አሳፍሮ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በበረሃው ይዞራል፤ ይህ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሙሉ ቀን የፈጀ ሰው ደግሞ የግድ ያድራል። የሚያዋጣው ኢንቨስትመንት አሥራ አንደኛ ሙዚየም መክፈት ሳይሆን እንዲህ ያለውን ቀን የሚበላ ጉዞ ማብዛት ነው።

የውኃው ሂሳብ

ገቢው ይህን ከመሰለ ወጪውም መታየት አለበት። ውኃው ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቅ ጉድጓድ ተስቦ፣ ጨዉ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ዋሻው ማቀዝቀዣ ባያስፈልገውም ገላ መታጠቢያው ውኃ ይፈልጋል። ስለሆነም ጎብኚ በጨመረ ቁጥር ውድ የሆነው ነገር ይጨምራል።

መብራቱም እንዲሁ ነው። ከተማዋ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ያልተገናኘች በመሆኗ ለረጅም ዘመን በናፍጣ ጄኔሬተር ስትተዳደር ቆይታለች። በ2017 ሥራ የጀመረው ጣቢያ 4 ሜጋ ዋት የነፋስ፣ 1 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ከናፍጣው ጋር አቀናጅቷል። የታቀደለትም ከከተማዋ ፍጆታ 70 በመቶ ያህሉን ከነፋስና ከፀሐይ እንዲያገኝ ነው። ይህ በቴክኒክ በኩል የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት የታዳሽ ኃይል ድርጅት ድጋፍ ታክሎበት የተሠራ እንጂ ቱሪዝም ከትርፉ ቆጥቦ ያቆመው አይደለም።

የከተማዋ ምክር ቤት ውኃውንም መብራቱንም ራሱ ማስተዳደር ነበረበት። 2 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ይህን ሸክም መሸከም ከበደው። በ2019 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የተመረጡትን የምክር ቤት አባላት አንስቶ አስተዳዳሪ ሾመ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የዋሻው ሆቴል ትርፍ በግለሰብ ኪስ ሲገባ፣ ዋሻው እንዲኖርበት የሚያደርገው የቧንቧና የመብራት ወጪ በሕዝቡ ላይ ይወድቃል። የመስህብ ባለቤትና የመሠረተ ልማት ከፋይ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ጎብኚው በበዛ ቁጥር ከተማው ሀብታም ይሆናል የሚለው ሂሳብ አይሠራም። ከአልጋ ኪራይና ከመግቢያ ትኬት ላይ በግልጽ ታስቦ ለውኃና ለመብራት ብቻ የሚውል ክፍያ መጣሉ ከቸርነት አይቆጠርም። ንግዱን ከማዳን ነው የሚቆጠረው።

ቆፋሪ የሌለበት የቆፋሪ ከተማ

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጎብኚው ኩበር ፒዲ ድረስ የሚሄደው ዋሻ ለማየት ብቻ አይደለም። ዕድለኛ የሆነ ሰው ነገ ጠዋት ሀብታም ሊሆንበት የሚችል ቦታ ለማየት ነው። በ1956 ከዚያው ሜዳ የወጣውና የሜልበርን ኦሎምፒክ በተካሄደበት ዓመት በመገኘቱ "ኦሊምፒክ አውስትራሊስ" የተባለው ድንጋይ 17 ሺህ ካራት ይመዝናል። ወሬው እስካሁን ሱቁን ሁሉ ያሞቃል። በከተማው ክልል ውስጥ ማዕድን ማውጣት የተከለከለ ቢሆንም መኖሪያን ማስፋት ስለሚቻል፣ አንዳንዱ ሰው ክፍል ማብዛት የሚወደው ቤተሰቡ በዝቶ አይደለም የሚለው ቀልድም ከዚሁ ተስፋ የመጣ ነው።

ይህ ተስፋ የሚኖረው ሕያው ቆፋሪ ሲኖር ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ሕግ የቁፋሮ ይዞታ ትንሽ ነው፤ አነስተኛው 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው። ፈቃድ ያለው ማንኛውም ግለሰብ ችንካር ተክሎ ይይዘዋል። ሕጉ ትልልቅ ኩባንያዎች ሜዳውን ጠቅልለው እንዳይዙ አድርጓል። ለዚህም ነው በሜዳው ላይ የሚገመቱት ጉድጓዶች ከ250 ሺህ በላይ የሆኑት። ለዚህም ነው ጎብኚው ወደ ኋላ እየተራመደ ፎቶግራፍ እንዳያነሳ በየቦታው የሚያስጠነቅቁት ሰሌዳዎች የቆሙት። ሰሌዳዎቹ ራሳቸው በካናቴራ ላይ ታትመው ይሸጣሉ።

ይሁንና ቆፋሪው እየተመናመነ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሜዳውን ሞልቶት የነበረው ሰው አርጅቷል። ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። የናፍጣው ዋጋ ሲወጣ የድንጋዩ ተስፋ አልወጣም። ደመወዝ የሚቆረጥበት ሌላ ማዕድን ማውጫ ባለበት አገር በዕድል ለመኖር የሚቆፍር ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

"ይህ ምን ያስጨንቃል? ቆፋሪው ቢጠፋ ሙዚየሙ አለ" የሚሉ አሉ። እነዚህ ወገኖች ሙዚየምና ገበያ የሚለያዩበትን የዘነጉ ናቸው። ሙዚየም አንድ ጊዜ ይታያል። ገበያ ግን ዛሬ ምን ወጣ ተብሎ በየጊዜው ይጎበኛል። በሌላ በኩል "ትልልቅ ኩባንያ ይግባና በዘመናዊ መሣሪያ ይቆፈር" የሚሉም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ኦፓል እንደ ብረት ማዕድን አስቀድሞ ተለክቶ የሚታወቅ እንዳልሆነ ይረሳሉ። የት እንዳለ የሚታወቀው ሲቆፈር ነው። ኩባንያው ለባለ አክሲዮኖቹ የሚያቀርበው ግምት ሳይኖረው ገንዘብ አያፈስም፤ ቢያፈስም በአጥር ከልሎ ጎብኚውን ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ከተማዋ ሁለቱንም ታጣለች።

የማዕድን ከተማ እንደማይሞት ዋስትና የለውም። በዚያው ክፍለ ግዛት በአናንጉ ሕዝብ መሬት ላይ በኪራይ የቆመችው ሚንታቢ በአንድ ወቅት ስመ ጥር የኦፓል መንደር ነበረች። የመሬቱ ኪራይ ሳይታደስ ቀርቶ በ2019 ነዋሪዎቿ ለቀው ወጡ። ምክንያቱ የድንጋይ ማለቅ ብቻ አልነበረም፤ ሕግና ሥርዓትም ነበረበት። ቢሆንም መንደርን መንደር የሚያሰኘው ጉድጓዱ እንዳልሆነ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ የሚኖረው ሰውና የሚተዳደርበት ሥርዓት እንደሆነ ጥሩ ማስረጃ ናት።

ከወሎ የመጣው ተወዳዳሪ

ለቆፋሪው መመናመን አንዱ ምክንያት ደግሞ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ለረጅም ዘመን የዓለም ኦፓል ማለት የአውስትራሊያ ኦፓል ማለት ነበር። አገሪቱ በ1993 ብሔራዊ የከበረ ድንጋይዋ አድርጋ የሰየመችውም ለዚሁ ነው። በ2008 በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ይህን ሁኔታ ለወጠው። ቀለሙ ደማቅ፣ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሕንድ ጃይፑር ድንጋይ ቆራጮችንና የዓለም የጌጣጌጥ ገበያን ሞላ። የአውስትራሊያ ነጋዴዎች የወሎው ድንጋይ ውኃ እንደሚጠጣና የእነሱ ግን እንደማይጠጣ በማስረዳት ገበያቸውን ይከላከላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ የወሎው ኦፓል በአብዛኛው ውኃ ይመጣል። ዋጋውን ብቻ የሚያይ ገዢ ግን ይህን የሚሰማው ከከፈለ በኋላ ነው።

ከዚህ ውድድር የሚገኘው ትምህርት ለሁለቱም ወገን ነው። የድንጋይ ዋጋ የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ነው። ደላንታ ገደል ላይ የሚቆፍረው ገበሬም፣ ኩበር ፒዲ ሜዳ ላይ የሚቆፍረው ስደተኛም በጃይፑርና በሆንግ ኮንግ የሚወሰነውን ዋጋ ተቀባይ እንጂ ወሳኝ አይደለም። የጉድጓዱ ዋጋ ግን የሚቆረጠው እዚያው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ኩበር ፒዲን ማንም በጆንያ ጭኖ ሊወስዳት፣ በርካሽ ሊያቀርባት አይችልም። ከተማዋ ድንጋዩን ብቻ ብትሸጥ ኖሮ ከ2008 ወዲህ ምን ይደርስባት እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በተቃራኒው ከወሎ የሚወጣው ድንጋይ ከነታሪኩ ሳይሆን በኪሎ ነው የሚሸጠው። የት እንደተቆፈረ፣ በማን እጅ እንደወጣ የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው። ታሪኩ የሚጨምረው ዋጋ ለማንም ሳይደርስ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህ ማለት ደላንታ ላይ ነገውኑ የዋሻ ሆቴል ይሠራ ማለት አይደለም። የኩበር ፒዲ ዋሻ ሜዳ ላይ ባለ፣ ለመፈልፈል በሚመች ጠንካራ መሬት ውስጥ የተሠራ ነው። ገደል ላይ ያለ ጉድጓድ ጎብኚ የሚገባበት አይደለም። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚዛወረው ሕንጻው አይደለም፤ አስተሳሰቡ ነው። ድንጋዩ ከመሸጡ በፊት የመጣበት ቦታ ይታወቅ፣ ቆራጩ እዚያው ይሥራ፣ ገዢው እዚያው ይምጣ የሚለው አስተሳሰብ ነው።

ሚዛኑ

ወደ ተነሳንበት ጥያቄ ስንመለስ ድንጋዩ ቢርቅ ጉድጓዱ ይሸጣል ወይ? ለጊዜው ይሸጣል። ለዘለቄታው ግን ብቻውን አይሸጥም። ጉድጓዱን ተፈላጊ የሚያደርገው በአቅራቢያው ሌላ ሰው ገና እየቆፈረ መሆኑ ነው። ስለሆነም ከቱሪዝሙ የሚገኘው ገቢ ከፊሉ ወደ ቁፋሮው መመለስ ይኖርበታል። አዲስ ገቢ ቆፋሪ መሣሪያ የሚከራይበት፣ አሮጌው ቆፋሪ ልምዱን እየተከፈለው የሚያስተምርበት፣ ጎብኚውም በሥራ ላይ ያለ ይዞታ በክፍያ የሚያይበት መንገድ ቢበጅ ሁለቱ ንግዶች ይደጋገፋሉ። ቆፋሪው ድንጋይ ባላገኘበት ወር የጎብኚው ገንዘብ ናፍጣውን ይከፍልለታል። ድንጋይ ባገኘበት ቀን ደግሞ ወሬው መቶ መኪና ይስባል።

ባለሀብቱም ቢሆን ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። በሩቅ ቦታ ላይ ሎጅ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው "እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?" የሚል ነው። ጥያቄው መጥፎ ባይሆንም መጀመሪያ መምጣት የነበረበት ግን አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰዉ እዚያ የሚኖረው በምን ሥራ ነው የሚል ነው። ቀጥሎ ውኃውን የሚከፍለው ማነው፣ ከዚያ እንግዳው ሁለተኛውን ሌሊት የሚያድርበት ምክንያት ምንድነው የሚሉት ይከተላሉ። እነዚህ ሦስቱ መልስ ካገኙ የሚታየው ነገር አይጠፋም። አንድ የበረሃ ከተማ የውሻ አጥርና የተጣለ የፊልም ዕቃ ሳይቀር ሸጣ አሳይታለችና። መልስ ካላገኙ ግን የዓለም ድንቅ ነገር ቢኖርበትም ቦታው የመንገደኛ ሽንት ቤትና ነዳጅ ማደያ ከመሆን አያልፍም።